የአምበሏ ፋሻ

ግራዬ፣ እንደምን ከርመሻል?

ስታዲየሙ ፖስት ካርዱ ላይ እንደምታዪው ያምራል፤ የምጽፍልሽ ግን ከሥሩ ስላለው መልበሻ ክፍል ነው። ትናንት አምበላችን የመጨረሻ ጨዋታዋን ተጫወተች። እዚህ ክለብ አንድ ልማድ አለ፤ ጫማዋን የምትሰቅል ተጫዋች የጉልበቷን ፋሻ የምትፈታላት ቦታዋን የምትረከበው ናት። ስለዚህ እኔን ጠራችኝና ተንበረከክሁ። የሻወሩ ጠብታ ይሰማል።

«ቀስ በይ እህቴ» አለችኝ፤ «ዕድሜዬን እኮ ነው የምትፈቺው።»

ፋሻው ሲያልቅ ጉልበቷ ገርጥቶና ተጨማዶ፣ ጠባሳ በጠባሳ ሆኖ ወጣ። ብድግ ስትል አነከሰች። «ያለሱ መራመድ ረስቼ የለ!» ብላ ሳቀች፤ እኛ ግን ሳቅ ከየት ይምጣ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ስነሳ አይታኝ ኖሮ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ያንቺስ ጉልበት መቼ ጀመረሽ?» አለችኝ። እንደሚያመኝ የክለቡ ሐኪም እንኳ አያውቅም ነበር።

ወዲያው አንቺ ትዝ አልሽኝ። አንቺ በግራ፣ እኔ በቀኝ ክንፍ በሮጥንበት በእኛ ሜዳ ፋሻ የሚባል ነገር መች ነበረን? የመጨረሻ ጨዋታሽ ቀን ጉልበትሽን ያሰርነው በእማማ ሻሽ፣ ማታ አልጋሽ ላይ የፈታንልሽም እኔና እሳቸው ነበርን። ሻሹን አጥፈሽ ለኔ ሰጠሽኝ።

ካርዱ ሞላብኝ። የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ልጆችሽንም እቀፊልኝ። ሻሹ አሁን ከቱታዬ ሥር፣ ጉልበቴ ላይ ነው። የኔ ቀን ሲደርስ እዚህ ማንም እንዲፈታው አልፈቅድም፤ እንደታሰረ ይዤልሽ እመጣለሁ።

ቀኝሽ