እዚያ ታውቀኝ ይሆን?

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለሄኖክ ሞገስ፣ ጅቡቲ።

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ የወደብ ሙቀት ዘንድሮስ ራራልህ ወይ? ወገብህን ያምህ ነበር፣ ተሻለህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ምግብህን ራስህ ታበስላለህ ወይስ እንደ ድሮው በሻይና በዳቦ ነው የምትውለው? ሰላምታዬ ከመርሳ ተነሥቶ፣ በሐራ አልፎ፣ የሚሌን በረሃ አቋርጦ ደጅህ ድረስ ይምጣልህ። እኔና ሲሳይ፣ ልጃችን ሜሮንም በጤና ነን፤ አምላክ ይመስገን። ደብዳቤ ሲጻፍ እዚህ ላይ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም ይባላል። እኔ ግን ይህን ለመጻፍ ዘንድሮ እጄ እምቢ አለኝ። ጎድሎብናል ወንድሜ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። ኔትወርኩ አንድ ቀን መጥቶ ሁለት ቀን መጥፋቱ አንድ ነገር ነው፤ ዋናው ግን አባባ ናቸው። ጆሯቸው ደክሟል፤ በስልክ የሚመጣውን ድምፅም የሰው ነው ብለው አያምኑትም። «ለሄኖክ ጻፊለት። እሱ ዲያቆን ነበር፣ መጽሐፉን ያውቃል። መልሱን በወረቀት ይስደድልኝ፣ አንቺ ደጋግመሽ ታነቢልኛለሽ» አሉኝ። ድቁናውን ትቶ ጅቡቲ መኪና ያጥባል እኮ ብላቸው «የተማረው የት ይሄድበታል!» ብለው ተቆጡኝ። ስለዚህ የወልድያው ሹፌር ሃፍታይ ለጭነት ወደ አንተ ሲወርድ እሰጠዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በኅዳር መባቻ ሰንበት ነው። አባባን ይዤ ቅዳሴ ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ከወልድያ የመጣ አንድ ወጣት ሰባኪ ቆመና የሰባቱን ወንድማማቾች ነገር አነሣ። አንተ ታውቀዋለህ፤ አንዲት ሴት ሰባቱንም በየተራ አግብታ ሁሉም ሞቱባት፣ በትንሣኤ ቀን የማንኛው ሚስት ትሆናለች ብለው ጌታን የጠየቁት። ጌታም በዚያ ዓለም ማግባትም መጋባትም የለም፣ ሰዎች እንደ መላእክት ይሆናሉ ብሎ መለሰላቸው። ሰባኪው አሳምሮ አስተማረ፣ ሕዝቡም እልል አለ። እኔም አብሬ እልል እያልኩ ዞር ስል አባባ መቋሚያቸውን አገጫቸው ሥር ተክለው መሬት መሬቱን ያያሉ። ቤት ገብተን ስንቀመጥ «ታዲያ እናትሽ በላይነሽ እዚያ ሚስቴ አይደለችማ?» አሉኝ።

አፌን ታውቀው የለ፣ ሳቅሁ። በዚህ ዕድሜዎ እንደገና ሊዳሩ ነው እንዴ አልኳቸው። እሳቸው አልሳቁም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ።

አንተ ያላየኸው ስላለ ከሥሩ ልንገርህ። እማዬ ከማረፏ በፊት መርሳት እንደ ጀመራት በስልክ አጫውቼህ ነበር። መጀመሪያ የዕቃ ቦታ፣ ቀጥሎ የጎረቤት ስም፣ ከዚያ እኔን ረሳች። አባባን ግን ከሁሉም አጥብቃ ረሳቻቸው። ሲሪንቃ ያለውን ቤት ዘግተን ሁለቱንም ወደ እኔ ካመጣኋቸው በኋላማ ጭራሽ ባሰባት። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ፊት ለፊቷ የተቀመጡትን አባባን ታይና «አንቱ ሰውዬ፣ ባለቤትዎ አትጠብቅዎትም ወይ? ቀኑ መሸ እኮ፣ ይሂዱ እንጂ» ትላቸዋለች። በቁጣ አይደለም፤ ለዚያች ለማታውቃት ሚስት አዝና ነው። አባባም «እውነትሽን ነው፣ ትጠብቀኛለች» ብለው ተነሥተው ይወጣሉ። በጓሮ ዞረው ከፓፓያው ሥር ትንሽ ይቆሙና በፊት ለፊት መጥተው «ቤቶች!» ይላሉ። እማዬም «ይግቡ፣ ይግቡ፣ ቤት ለእንግዳ!» ብላ ትቀበላቸዋለች። ወንበሩን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ታስቀምጣቸውና ውሃ ስጪያቸው ትለኛለች። እንዲህ ሆነው እንግዳ ተብለው ከገዛ ሚስታቸው ጋር ያመሹ ነበር። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን ሲያማርሩ አልሰማሁም።

አንድ ጊዜ አይሰለችዎትም ወይ ብላቸው «ምን አለበት? እዚህ ብትረሳኝ እዚያ ታውቀኛለች፤ እኔና እሷ ቆርበናል» አሉኝ። አንተ ከሄድክ በኋላ ነበር በስተርጅና አብረው የቆረቡት። በሰማንያ የተጋቡት እንዳይበቃቸው ብለው በሥጋ ወደሙ አጸኑት። ያን ቀን እማዬ ገና ራሷን ታውቅ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ «አንቱ ሞገስ፣ እንግዲህ በሞትም አላመልጥዎትም» ብላ ስትስቅ ሰምቻለሁ። አባባ ያንን ቃል ይዘው ነው እስከ መጨረሻዋ ድረስ ያስታመሟት። ሰባኪው ሳያውቅ የነካባቸው ይህንን ነው። እሱን አልወቅሰውም፤ የተጻፈውን ነው ያነበበው።

ከዚያ ሰንበት ወዲህ አባባ ጾሙ ሳይገባ ጾመኛ ሆኑ። ሁለት ጉርሻ ጎርሰው በቃኝ ይላሉ። ቤተ ክርስቲያን እንሂድ ስላቸው ከአጥሩ ደጅ ተሳልመው ይመለሳሉ። ጋቢያቸውን ደርበው ጋቢዬን የት አደረግሽው ይሉኛል፤ የነገርኳቸውን መልሰው ይጠይቁኛል። ሐዘኑ ነው እንዲህ የሚበትናቸው ብዬ አለፍኩት።

ቢቸግረኝ የንስሐ አባታችንን ቄስ ስዩምን ጠራኋቸው። መጥተው አጠገባቸው ተቀምጠው «አባ ሞገስ፣ ጌታ ጋብቻ የለም አለ እንጂ መተዋወቅ የለም አላለም። እዚያ ሞት ስለሌለ ዘር መተካት አያሻም፤ ፍቅር ግን ወዴት ይሄዳል? ባለጠጋው ነዌ እንኳ በሲኦል ሆኖ ቀና ሲል አብርሃምን አየ፣ ደጁ ይወድቅ የነበረውን አልዓዛርንም ለይቶ አወቀው» አሏቸው። እኔ ደስ አለኝ፣ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። አባባ ግን «አባቴ፣ ነዌ እኮ አልዓዛርን በቁሙ ያውቀው ነበር፣ ሲሞትም አልረሳውም። በላይነሽ የሄደችው እኔን ሳታውቀኝ ነው። ነፍሷ ስትወጣ እኔን ይዛ አልወጣችም» አሉ። ቄስ ስዩም ዝም አሉ። እሳቸውን የምወዳቸው በዚህ ነው፤ የማያውቁትን ሲጠየቁ ዝም ይላሉ።

ቆየት ብለው ደግሞ የጳውሎስን የዘር ምሳሌ አመጡላቸው። አባባ ሲሪንቃ የእርሻ ምርምሩ ማሳ ላይ ከማሽላው ወፍ ሲያባርሩ የኖሩ ሰው ናቸውና ይህ ይቀርባቸዋል ብለው ነው። ሰው በድካም ይዘራል፣ በኃይል ይነሣል፤ የእርሷም መርሳት ከድካሟ ጋር አፈር ውስጥ ይቀራል፣ ስትነሣ አእምሮዋ ሙሉ ነው አሏቸው። «እሸቱ የተዘራውን ፍሬ ያስታውሰዋል ወይ?» ብለው ጠየቁ አባባ። ቄስ ስዩም «ፈጣሪ ያስታውሰዋል» አሉ። «ፈጣሪማ መቼ ረስቶኝ ያውቃል፣ አባቴ? እኔ የጠየቅኩት እሷን ነው» አሉና መስቀሉን ተሳልመው አንገታቸውን ደፉ።

እንግዲህ እኔ ብርቱካን፣ ብርቱካንና ፓፓያ ከመሸጥ ሌላ የማላውቀው፣ አንተ ትተኸው የሄድከውን አዲስ ኪዳን ገበያ ይዤ መውጣት ጀመርኩ። ደንበኛ ሲጠፋ ከቅርጫቶቹ ኋላ ሆኜ አነባለሁ። አጠገቤ የምትሸጠው ነሲባ ምን እንደምፈልግ ጠየቀችኝና ሁሉንም ነገርኳት። «በኛም ሰው ከሚወደው ጋር ነው የሚቀሰቀሰው ይባላል። አላህ ያግራላቸው» ብላ አብራኝ አለቀሰች። እሷ ስታለቅስ ሰው መጥቶ ዋጋ ይጠይቃል፣ እኔ አልሰማሁትም።

አንድ ቀን የመግደላዊት ማርያምን ታሪክ አገኘሁ። ጌታ ከሙታን ተነሥቶ ፊቷ ቆሞ ሳለ አላወቀችውም፣ አትክልተኛው መሰላት። ማርያም ብሎ በስሟ ሲጠራት ግን ያን ጊዜውኑ አወቀችው። ቅርጫቴን ለነሲባ አደራ ብዬ ወደ ቤት ሮጥኩ። አባባን አስቀምጬ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ድገሚልኝ» አሉ፣ ደገምኩላቸው። ከዚያ ሰንበት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈታ ሲል አየሁ። ወዲያው ግን መልሰው አዘኑ። «እኔም እኮ ስሟን እየጠራሁ ለምኛታለሁ፣ ልጄ። በላይነሽ ስላት፣ በላይነሽ ደግሞ ማናት ትለኝ ነበር» አሉ። መጽሐፉን አጠፍኩት። ከዚህ ወዲያ ምን ልበላቸው ሄኖክ? ቢያማቸው ሐኪም ቤት እወስዳቸዋለሁ፣ ቢርባቸው አበላቸዋለሁ። ለዚህ ግን ምን አለኝ? እጄን አጣጥፌ ከማየት በቀር ምንም አልቻልኩም።

ስለዚህ አባባ ጻፊልኝ ያሉኝን እንዳሉት አድርጌ ጽፌልሃለሁ። «ልጄ ሄኖክ፣ እናትህ እዚያ ታውቀኝ ይሆን? ሚስቴ መሆኗ ይቅር፣ ጌታ ካለው አልወጣም። ግን ሳገኛት ሞገስ ነው ትላለች ወይስ እንግዳ ነው ትላለች? መጽሐፉ ይህን የሚልበት ካለ ቦታውን ጻፍልኝ። ከሌለም የለም በለኝ።» እንግዲህ ያልተጻፈ ነገር ፈጥረህ እንዳታጽናናቸው፣ ይነቁብሃል። ነገር ግን ፈልግ፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ ፈልግ። እዚያ ካለው ቤተ ክርስቲያን መምህር ካለም ጠይቅ።

እዚህ ድረስ ጽፌ ልዘጋው ስል ሃፍታይ መንገድ ተዘጋ ተብሎ ሳይነሣ ቀረ። ወረቀቱም እኔው ጋ ዋለ። ትናንት የሆነውንም ልጨምርበት ግድ ሆነ።

ከገበያ ገብቼ ምሳ ሳሰናዳ አባባ በጓሮ ዞረው በፊት ለፊት «ቤቶች!» አሉ። እማዬ ትዝ ብላቸው ነው፣ ያንን ጊዜ ናፍቀው ነው ብዬ እኔም እንደ እሷ ይግቡ፣ ይግቡ፣ ቤት ለእንግዳ አልኩ። ገቡና የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ፣ ቤቱን ዙሪያውን እንደ አዲስ አዩት። ምሳውን ሳቀርብላቸው «ልጄ አትድከሚ፣ ብዙም አልቆይ፤ ባለቤቴ ትጠብቀኛለች» አሉኝ። ፈገግ አልኩ። እሳቸው ግን የእንግዳ ፊታቸውን አልለወጡም። አባባ፣ እኔ ነኝ፣ ብርቱካን ብላቸው በትሕትና «የማን ልጅ ነሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

የሞገስ አልኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ፣ አላወቁትም። የሞገስና የበላይነሽ ስላቸው ግን ዓይናቸው በራ። «እሷን እኮ ነው የምልሽ!» አሉ።

ጥቂት ቆይቶ ተመለሱልኝ። «ብርቱካን፣ ምሳው በረደ እኮ» አሉኝ፣ ምንም እንዳልሆነ። እኔ ግን ምሳው አልወረደልኝም። ጋቢው፣ መልሶ መላልሶ መጠየቁ፣ ሐዘን ነው ስለው የነበረው ሁሉ ምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። በእማዬ ያየሁት ስለሆነ መንገዱን አውቀዋለሁ። ወልድያ ወስጄ አሳያቸዋለሁ፣ ሲሳይም ይህንኑ ብሏል፤ ግን እማዬንም ወስደን አሳይተን ነበር። ፈራሁ ወንድሜ። መልስህ ሲደርስ አባባ ጥያቄያቸውን ረስተውት ቢያገኛቸውስ? እሷ እሳቸውን ሳታውቅ ሄደች፣ እሳቸውም ራሳቸውን ሳያውቁ ቢሄዱ፣ እዚያ ማን ያስተዋውቃቸዋል? ይህንን ለቄስ ስዩም ስነግራቸው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

ሲሳይ እጅግ አድርጎ ሰላም ብሎሃል፤ ወገቡን በደንብ ይያዝ ይላል። ሜሮን ከባሕሩ ዳር ዛጎል እንድትልክላት ትለምንሃለች፤ ያጎቴ ባሕር እውነት ጨው ነው ወይ እያለች ታደርቀኛለች። ነሲባ የላከችልህን በሶ ሃፍታይ ይሰጥሃል፣ ዱዓዋም አይለይህም። ቄስ ስዩም በጸሎት አስብሃለሁ ብለውሃል፤ ድቁናህንም አልረሱትም። የእማዬ ሙት ዓመት ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ብትችል ና፣ ባትችል እዚያው ሻማ አብራላት። አባባም ሰላም ብለውሃል። ዛሬ ጠዋት ስምህን ስጠራላቸው «ሄኖክ ልጄ» አሉ፣ እንኳን አወቁህ፣ የነገውን ግን አላውቅም። ፈጥነህ ጻፍ። አባባ ቢረሱትም ለእኔ ጻፍልኝ፤ «የማን ልጅ ነሽ?» ካሉኝ ጀምሮ የምጠይቀው እኔ ነኝ።

እኅትህ ብርቱካን ሞገስ
መርሳ፣ ሀብሩ፣ ሰሜን ወሎ
ኅዳር ፳ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.