ስለ አንድ ሞላ ጥንካሬና ስለ ያምሮት ወደ ክፍል መመለስ

ለተከበሩ ርዕሰ መምህር አቶ ገብረሰንበት፤
እንዲሁም ቆሞ ለማንበብ ጊዜ ላለው የከተማችን ነዋሪ ሁሉ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎና ማኅተምዎ በሙሉ ደኅና እንደሆኑ ተስፋዬ ጽኑ ነው። እኔ አምላክ ይመስገን አለሁ፤ ብርዱም ሙቀቱም ብዙ አይሰማኝም።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዚህች ከተማችን ለረጅም ዘመን ያስተማርሁ ጡረተኛ ነኝ። በልጅነቴ ዳዊት ደግሜ፣ ከዚያም ፊዚክስን ከአንድ ህንዳዊ መምህር የተማርሁ ስሆን፣ እኚያ መምህር በዓይኑ ያላየውን ቁጥር የጻፈ ተማሪ ሲያገኙ ጣቶቹን በማስመሪያ ጠርዝ ይመቱት ነበር። ዛሬ ዘመኑ ተሻሽሎ የሚቀጣው ያየውን የጻፈ መሆኑን በእርስዎ ዘመን ለማየት ስለበቃሁ አመሰግናለሁ።

የልጄ የወንዳወቅ ልጅ ያምሮት፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎ፣ ከዐቢይ ጾም መግቢያ ጀምሮ ታግዳ እቤት ተቀምጣለች። አባቷ ትምህርት ላይ እስካለች ድረስ ላይድራት ቃል ሰጥቶኝ ነበር፤ አሁን ትምህርት ላይ አይደለችምና ቃሉ አይዘውም። ከማንኩሳ በኩል ሽማግሌ ተልኳል፤ ቀኑም ለዳግማይ ትንሣኤ ነው ይባላል። ስለዚህ ከፋሲካ በፊት ወደ ክፍሏ ትመለስ ዘንድ፣ ቅሬታዎቼን እንደ ደንቡ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ በፕላዝማው ትምህርት የቀረቡት መምህር አንድ የሽቦ ሞላ ሰቅለው፣ ክብደት አንጠልጥለው፣ የተለጠጠውን በማስመሪያ ለክተው ጥንካሬው አርባ ኒውተን በሜትር መሆኑን አሳይተዋል። ቀጥሎ ተማሪዎቹ ቤተ ሙከራ ገብተው በትምህርት ቤቱ ሞላ ያንኑ እንዲሠሩ ታዘዙ። ያምሮት ግማሽ ኪሎ ብትሰቅል ሞላው አሥራ ስድስት ሳንቲ ሜትር ተለጠጠ፤ ክብደቱን እየለዋወጠች ደጋግማ ብትለካም ውጤቱ ከሠላሳ አንድ ፈቅ አላለም። በአንድ ለአምስት አደረጃጀቷ ያሉት ሌሎቹ ጓደኞቿ ግን አንዳችም ነገር ሳይሰቅሉ አርባ ብለው ጽፈው ወጡ። እንዲህ ያለ ቅልጥፍና በእኛ ጊዜ አልነበረም።

፪ኛ/ ልዩነቱ በታወቀ ጊዜ ሞላውን መልሶ መስቀል ውኃ እስኪፈላ የማይቆይ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ እርስዎ በትዕግሥትዎ ግምገማ መጥራትን መረጡ። በግምገማውም የሞላው ጥንካሬ በድምፅ ብልጫ አርባ እንዲሆን ተወሰነ። ሞላው ራሱ ስብሰባው ላይ እንዳልተጠራ ሰምቻለሁ። የአደረጃጀቱ መሪ ሸጋዬ «አንቺ ከፕላዝማው ልትበልጪ ነው?» ብላት ቤቱ በሳቅ ሲሞላ፣ ልጅቱ «ፕላዝማው ውስጥ ያለው ሞላ ሌላ ነው፤ የእኛን ማን ለካው?» ማለቷ በቃለ ጉባኤው ላይ የኪራይ ሰብሳቢነት ዝንባሌ ተብሎ ተመዝግቧል። ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ፊት ወጥታ ቁጥሬ ስሕተት ነበር ብላ ግለ ሂስ እስክታደርግም ድረስ ታገደች። በአንድ ሞላ ውስጥ ይህን ያህል ፖለቲካ ተጠምጥሞ መኖሩን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ህንዳዊው መምህሬ ይህን ሳይነግሩኝ ነው ወደ አገራቸው የሄዱት።

፫ኛ/ የራሴን ማስመሪያ ይዤ፣ አብረን እንለካ ብዬ ወደ ቢሮዎ መምጣቴን ያስታውሳሉ። «አባታችን፣ የሚያከራክረን ቁጥሩ አይደለም፤ ዲሲፕሊኑ ነው። አንዲት ቃል ብላ ትመለስ» አሉኝ። ወንበር ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ስወጣ በሩ ከኋላዬ በራሱ ተዘጋ፤ ቀና ብዬ ባይ አዲስ ሞላ ስቦት ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መምህር ግቢው ውስጥ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ፣ ከቤተ ሙከራው ሣጥን የወጣው ሞላ ይኸው የእርስዎ በር ላይ ያለው እንደሆነና ተማሪዎቹ የለኩት ግን በምትኩ ከጋራዥ ተለምኖ የመጣ መሆኑን ነገረኝ። ስለዚህ አርባ የተባለው ምናልባት የበርዎ ልክ ይሆናልና፣ ጉባኤው ፈጽሞ ተሳስቷል ለማለት አልደፍርም።

፬ኛ/ አራተኛ ቅሬታ በራሴ ላይ ነበረኝ፤ እጄ ለመጻፍ አልሄደልኝም።

የጠየቁት አንዲት ቃል ብቻ ናትና፣ እኔም ሽማግሌዎቹ ደጅ ሲመላለሱ ባየሁ ጊዜ፣ በይውና ይለቅሽ ብዬ ያምሮትን ለምኛታለሁ። እርሷም «አያ፣ ለክቼ ሳበቃ እንዴት አልለካሁም ልበል?» አለችኝ። ለዚህ ጥያቄዋ መልስ የሚሆን ቃል እርስዎ ዘንድ ቢኖር እንዲያውሱኝ፣ ባይኖር ደግሞ ያንኑ ሞላ በፈለጉት ሰው ፊት አሰቅለው እንዲያስለኩልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። አርባ ከወጣ እኔው ራሴ ሰልፉ ፊት ወጥቼ ግለ ሂስ አደርጋለሁ፤ ለጉልበቴ ካልሆነ በቀር ለክብሬ አይከብደኝም።

ለሰጡን ትምህርት፣ ለጠሩልን ስብሰባና ለዘጉልን በር ምስጋናዬን በድጋሚ እያቀረብሁ፣ ዕድሜና ሹመት እንዲበረክትልዎ የምመኝ፣

አክባሪዎ
መምህር ሃይለ ሚካኤል ዳኘው፣ ጡረተኛ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከመለጠፌ በፊት ሽማግሌዎቹ መጥተው ነገሩን ቆርጠዋል። ወንዳወቅ እሺ ብሏል። ያምሮት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ቆሜ አይቻለሁና ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ነው ብል፣ የተቀመጡት ሁሉ ተስማምተው አሥራ ስምንት አድርገዋታል። ለቀበሌው የሚሆን የዕድሜ ማረጋገጫ ከትምህርት ቤቱ ለመጠየቅ ሰኞ ቢሮዎ ይመጣሉ። ብዙዎች ናቸው፤ ለድምፅ ብልጫ አይቸገሩም።