በጧፍ ሰም የታሸገው ማሞቂያ

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለቄስ ወልደኢየሱስ፣ ድብ ባሕር።

አባቴ ሆይ፣ ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎስ ቅዳሴውን ቆሞ ለመጨረስ ይበረታል ወይ? እናቴ ወለተሩፋኤልስ እንዴት ናት? ጉንፋን ይዟት እንደነበር ጽፈውልኝ ስለነበር አሳብ ላይ ነኝ። ከብቱስ፣ ቀዬውስ፣ ጎረቤቱስ እንዴት ከረመ? እኔ ልጅዎ ደህና ነኝ። የሐይቁ ወባ እንኳ ዘንድሮ ምራኛለች፤ የእናንተ ናፍቆት ግን አልማረኝም።

በቅበላ የላኩት ደብዳቤ ደርሶኛል። ለፋሲካ መጥቼ፣ ሚስት አግብቼ ቅስና እንድቀበልና በእርስዎ እግር እንድተካ፣ ከቤታችን የሚያገለግል ካልተገኘም የሰሞን መሬታችን ለሌላ እንደሚሰጥ ጽፈውልኛል። መልሱን ያዘገየሁት ንቄ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። አሁን ግን አንድ ነገር ስለደረሰብኝ እሱን አስቀድሜ ልንገርዎ፤ መልሴ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።

እዚህ ጎርጎራ የምሠራባት የሞተር ጀልባ በየሳምንቱ ሐኪሙን ይዛ ወደ ደልጊ ትሄዳለች። ሐኪሙ የቁስለኛ እግር ሲያጥብ ይውላልና ሙቅ ውሃ ያስፈልገዋል። ውሃውን በሞተሩ ሙቀት የሚያሞቀው በርሜል ጣሊያን ትቶት የሄደ ነው። ዝገት በልቶት ኖሮ በምኩራብ ሳምንት ሆዱ ተቀደደ። አዲስ ከአስመራ መጣ፤ ግን ማን ያስገባው? የሞተሩ ክፍል ከእኛ ጎታ አይሰፋም። አለቃዬ አያ ፋንታሁን ምጽዋ ላይ መርከብ ሲጠግን የኖረ ሸጋ ባለሙያ ነው፤ ሆዱ ግን በመግቢያው አያልፍም። እኔን ደግሞ ጾሙ አሳምሮ አቅጥኖኛል። ስለዚህ እሱ ከላይ ሆኖ ያዛል፣ እኔ በደረቴ ተስቤ እገባለሁ። ቀና ብል ብረት፣ ክርኔን ብዘረጋ ብረት ነው። አሮጌውን በርሜል ሁለት ቀን ታግለን፣ ሲወለድ የኋላ እግሩ እንደቀደመ ጥጃ እያዞርን አወጣነው። አዲሱ ትንሽ ስለሆነ ብዙም አላስቸገረንም።

የቀረው ቱቦዎቹን መግጠምና ውሃ እንዳያፈሱ ማሸግ ነበር። ከአስመራ የሚመጣው ማሸጊያ አልቆብን ስለነበር አያ ፋንታሁን ኖራ በእንቁላል ነጭ መትቼ፣ ቃጫ ነክሬ በመጋጠሚያው ላይ እንድጠመጥም ነገረኝ፤ ሲደርቅ ሙቀት አይፈታውም አለኝ። እንቁላል! በሁዳዴ! እሑድ እሑድ እዚህ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በዲያቆንነት እንደምቆም ያውቃሉ። እስከ ክርኔ እንቁላል ተለቅልቄ በማግስቱ መስቀል ልይዝ? ይህን ለአያ ፋንታሁን መናገር አፈርኩ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ለእሑድ የገዛሁትን ጧፍ አቀለጥኩና ቃጫውን በሰሙ ነክሬ አሸግሁት። በቀዝቃዛ ውሃ ሲሞከር አንዲት ጠብታ አልወጣውም። አያ ፋንታሁን ከላይ ሆኖ መረቀኝ፤ እኔም ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልኩ።

ሰም በሙቅ ውሃ እንደሚቀልጥ ሕፃንም ያውቃል። ለእኔ ግን ጾሜ እንጂ ሥራው አልታየኝም። ሐይቁ መሀል ስንደርስ ሞተሩ ጋለ፣ ሰሙ ቀለጠ፣ ውሃው መትፋት ጀመረ። አያ ፋንታሁን ምን እንደሆነ ሊዳስስ እጁን በመግቢያው ቢሰድ የፈላው ውሃ እስከ ክርኑ ላጠው። ሐኪሙ መድኃኒት ቀብቶ ጠቀለለለት። እሱ ግን ኖራው እርጥብ ኖሮ ነው፣ አይቼ መስጠት ነበረብኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው እያለ እኔን ያጽናናኝ ጀመር። በዚያ ቀን ደልጊ የተሰበሰቡት ቁስለኞች እንደቆሰሉ ተመለሱ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ደግሞም ደልጊ እስክንደርስ ድረስ ዝም አልኩ፤ ዛሬም የማፍረው በዚያ ነው።

ከጀልባዋ እንደወረድን እግሩ ላይ ወድቄ ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣል ስል ባልተጎዳው እጁ ደግፎ አነሳኝና፣ ምነው ልጄ፣ እንቁላሉን እኔ አልመታልህም ነበር ወይ አለኝ። በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ጎርጎራ ተመልሰን በአንድ እጁ ሊመታልኝ ሲቀመጥ ሳህኑን ቀማሁት። አራት እንቁላል በገዛ እጄ ሰብሬ ከኖራው ጋር መታሁና ገብቼ እንደገና አሸግሁት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደልጊ ተመላልሰናል፤ ቱቦው እንደደረቀ ነው። ለንስሐ አባቴም ተናዘዝኩ። ስለ እንቁላሉ ምንም አላሉኝም፤ ስለ ዝምታዬ ግን መቶ ስግደት ሰጡኝ።

አባቴ፣ መልሴ ይህ ነው፤ ለፋሲካ አልመጣም፣ ቅስናውንም አልቀበልም። ክህነትን ጠልቼ አይደለም። ያቃጠልኩት ሰው እጁ እስኪድን መፍቻ አይጨብጥም፤ ትቼው ልሂድ? ይህ ብቻ ቢሆን ሲድን እመጣለሁ እልዎ ነበር። እውነቱ ግን ሌላም ነው፤ በዚያች ቀና በማታሰኝ ክፍል ተኝቼ ብረት ስፈታና ስገጥም ደስ ይለኛል። መሬቱን ታናሽ ወንድሜ ነጋ ያገልግልበት። ወጉ የታላቅ ልጅ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን እኔ በመንገዱ የሚያልፍ ማኪና በሰማሁ ቁጥር ከዜማው እየተነሳሁ ስሮጥ፣ ነጋ ከእርስዎ እግር ሥር ተነስቶ አያውቅም። የታጨችልኝ ካለችም ወላጆቿን ይቅርታ ይጠይቁልኝ። ቢቆጡኝ ይገባኛል፤ ብቻ አይርገሙኝ። ልጄ የምትለዋን አንዲት ቃል ጽፈው ቢልኩልኝ ትበቃኛለች።

የእናቴን ጉልበት ሳሙልኝ፤ ጉንፋኑ ካልለቀቃት ብርድ ላይ አትውጣ። ለእህቴ ለውዴ የጠየቀችኝን ሻሽ ይህን ደብዳቤ በያዘው ሾፌር ልኬላታለሁ። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላም በሉልኝ። ለወንድሜ ለነጋም እንዲህ በሉልኝ፤ እስከ ዛሬ እኔ ወደ ቤት ስገባ ብድግ የሚለው እሱ ነበር፤ ቄስ ሆኖ ሲገባ ግን ብድግ የምለው እኔ ነኝ፣ መስቀሉንም ከሰው ሁሉ ቀድሜ እሳለማለሁ።

ልጅዎ ሐብተ ማርያም ወልደኢየሱስ
ጎርጎራ፣ መጋቢት ፲፰ ቀን ፲፱፻፶ ዓ.ም.