በሜትሩ ላይ የተደረደረው መኮሮኒ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ ጠዋት የተሸጠ፦ የመጋረጃ ጨርቅ ዘጠኝ ሜትር፣ የአንሶላ ስድስት፣ ከሐር መሳዩ ምንም። ለዝናባማ ጠዋት አይከፋም።

የምወድሽ ልጄ፣

የዕለት ማስታወሻዬን እንዲህ መጀመር ስለለመድኩ ደብዳቤሽንም በገበያ ጀመርኩት፤ ታውቂኛለሽ። እንዴት ነሽ? የምትሠሪበት የልብስ ማጠቢያ ቤት እንፋሎት ሳልሽን እንዳያባብሰው እሰጋለሁ። ስትወጪ አንገትሽን ሸፍኚ። እኛ ደህና ነን። ደህና ስልሽ ደግሞ ለወጉ ያህል አይደለም፤ ዛሬ የምጽፍልሽ አለኝ።

ባለፈው ስትደውዪ «የመኖሪያ ፈቃዷ ቢመጣም ልጄን አላመጣትም። ብስኩቷ እዚህ አይሸጥም፤ ምን በልታ ትኖራለች? እኔ ዘንድ መጥታ ከምትከሳ አንቺ ዘንድ ትቅር» ብለሽ ስልኩን ዘጋሽው። ሦስት ነገር ብቻ የምትበላ ልጅ፣ ያውም ያ ቢጫ ማሸጊያ ያለው ብስኩት፣ ቅርፊቱ የተነሳ ዳቦና የተቀቀለ ድንች፣ በሰው አገር ሌላ ትለምዳለች ብዬ ልዋሽሽ አልፈለግኩም።

ይባስ ብሎ ድንቹንም አጣነው። ታላቅ እህትሽ ለበጎ ብላ የተቀቀለ እንቁላል አድቅቃ ድንቹ ውስጥ ደበቀችላት። ልጅሽ አንድ ማንኪያ ቀመሰች፤ ማንኪያውን አስቀመጠች፤ ከዚያ ወዲያ ድንች የሚባል ነገር ማየትም አልፈለገች።

«እማዬ፣ ተያት! ሲርባት ትበላለች» አለች እህትሽ።

«አንቺ ጥሩውን ከማይፈለገው ቀላቅለሽ ሸጠሻል» አልኳት። «የእንዲህ ያለ ነጋዴ ደጃፍ ሁለተኛ አይረገጥም።»

ሐኪሟም ቢሆን ከእኔ ጋር ናት። «ኦቲዝም ካላቸው ልጆች ለብዙዎቹ አዲስ ምግብ ከባድ ነው» አለችን። «ሽታው፣ ልስላሴው፣ አፍ ውስጥ የሚያሰማው ድምፅ ሁሉ ይጎላባቸዋል። ሞልቃቃ ሆና አይደለም። አታስርቧት፣ አታታልሏት፤ ምግቡን ግን ከዓይኗ አታርቁት።» ድንቹ ከቀረ ወዲህ ክብደቷ ስለቀነሰ በየጊዜው እንድናስመዝናት አዘዘች።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባንኮኒው ጫፍ ላይ እንደምትቀመጥ ታውቂያለሽ። አዲስ ጣቃ ሲገባ መጀመሪያ ወንበሯን ታርቃለች። ቆይታ የጨርቁን ጫፍ በእጇ ጀርባ ትነካለች፤ ከዚያ በጉንጯ። በመዳፏ የምትዳብሰው ከወደደችው ብቻ ነው። ደጃፌ ላይ መኪናውን ዘርግቶ የሚውለው ልብስ ሰፊ «ተቆጣጣሪዋ» የሚላት ለዚህ ነው። ጨርቅ የሚያውቅ ደንበኛም እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ግዛ፣ ግዛ» አትዪውም፤ ዘርግተሽለት ፊትሽን ወደ ሌላ ሥራ ታዞሪያለሽ። ምግቡንም እንደዚያ ላድርገው አልኩ።

መኮሮኒ መረጥኩ። የትም አገር አይጠፋም፤ ደግሞም አንዱ ከአንዱ አይለይም። ዘይት ሳይነካው ቀቅዬ በነጭ ሳህን ባንኮኒው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩና ጨርቄን መጠቅለል ያዝኩ። በእንጨት ሜትሩ ገፋ ገፋ አድርጋ ሳህኑን አባረረችው። በማግስቱም አቀረብኩ። በዚያም ማግስት። ሰንብታ አንድ አንዱን እያነሳች በሜትሩ ላይ መደርደር ጀመረች።

ልብስ ሰፊው መኪናውን አቁሞ «እትዬ፣ ደግሞ መኮሮኒ በሜትር መሸጥ ጀመሩ?» አለ።

«ለአንተ በቁራጭ አደርግልሃለሁ። ዝም ብለህ ስፋ!» አልኩት።

ከመደርደር ወደ ጉንጭ፣ ከጉንጭ ወደ ከንፈር ደረሰች። አንድ ቀን አፏ ከትታ ተፋችው። ቁራጭ ጨርቅ አቀበልኳት። የተፋችው እኮ የቀመሰችውን ነው።

መሀል ላይ የሌላ ፋብሪካ መኮሮኒ ገዛሁ፤ ላዩ ላይ መስመር መስመር ያለበት። ገና ስታየው ወንበሯን አራቀች፤ የሄድንበትን መንገድ ሁሉ ተመለስን። አንዲት ደንበኛ ትዝ አለችኝ። የመጋረጃዋን እኩሌታ ከአንድ ጣቃ፣ ቀሪውን ከሌላ ቆርጬላት ቀለሙ አልገጠመም ብላ መልሳብኝ ነበር። ልክ ነበረች። ልጅሽም ልክ ናት። ከዚያ ወዲህ አንድ ዓይነት ፓኬት፣ አንድ ድስት፣ እኩል ብስለት።

ትናንት ከሰዓት አንዲት ሴት በዋጋ ስትሟገተኝ፣ በዓይኔ ጠርዝ ሳይ ልጅሽ አንዱን ነክሳ ታኝካለች። ዋጠች። ሁለተኛውን አነሳች። እህትሽ አፏን ከፍታ ልትጮህ ስትል በባንኮኒው ሥር እግሯን ረገጥኩት። ሴትዮዋ «በዚህ ዋጋ ይሁንልኝ» ስትል «እሺ» ብያለሁ፤ ስንት እንዳለችኝ እንኳ አልሰማሁም።

«ዛሬስ እትዬም ተበሉ!» አለ ልብስ ሰፊው።

ልጅሽ በሜትሩ ላይ ያለውን ጨርሳ ባዶውን ሳህን ወደ እኔ ገፋችና «ደህና ነው፤ ይግባ» አለች። ይህ የእኔ አነጋገር ነው። ከጅምላ ሻጭ የመጣውን ጨርቅ ዳስሼ ሳምንበት እንዲህ እላለሁ፤ ሻጮቹም ይህን ከአፌ ለመስማት ስንት ይለፋሉ። በዚህ ሁሉ የንግድ ዘመኔ የእኔ ዕቃ ተፈትሾ ሲያልፍ ደረቴ እንደ ትናንቱ ተነፍቶ አያውቅም።

እህትሽ መቻል አቅቷት «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል!» አለች። ልጅሽ ቀና ሳትል «ሄዶ ድንች ውስጥ ይደበቃል» አለቻት። ልብስ ሰፊው በሳቅ ስፌቱን አጣመመ።

ዛሬም በላች። ስለዚህ እንደ ነጋዴ ልንገርሽ፤ ስሚኝ። ጥቂት ፓኬት እልክልሻለሁ። እዚያ ከሚሸጠው ጋር አስተያይተሽ ላዩ ልሙጥ የሆነውን፣ አጭሩን ግዢ። ከምንም ጋር እንዳትቀላቅዪው። «ብዪ» አትበያት፤ ስትበላም አታጨብጭቢ። ሳህኑን አስቀምጠሽ ሥራሽን ያዢ፤ እንባሽ ከመጣ ፊትሽን አዙሪ። አገር መቀየሩ ለጊዜው ወደ ኋላ ሊመልሳት ይችላል፤ እንዳትደነግጪ። ልጅሽ ያላመነችበትን አትቀበልም፤ ያመነችበትን ግን ራሷ ታስገባዋለች። እንዲህ ያለ ሰው የትም ቢሄድ አይከስርም። ውሰጃት።

የባንኮኒው ጫፍ ላይ ወደፊት ክርና ቁልፍ ይደርደርበት ትላለች እህትሽ። እውነቷን ነው፤ ለሽያጭ የተመቸ ቦታ ነው። እኔ ግን ለጊዜው ባዶውን ይቆይ ብያለሁ።

የዘረጋሽው ይሙላልሽ፣ የጀመርሽው ይጽናልሽ፤ የምታበስይው ሁሉ ለልጅሽ አፍ ይስማማ።

ጨርቅ ሻጯ እናትሽ

የነገ ሥራ፦ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ልጅቷን ፎቶ ቤት መውሰድ፤ ለፓስፖርቷ።