ከግንቡ ኋላ ያለው ሙቅ ውሃ

ይድረስ ለምወድዎት አጎቴ፣ ቡልቡላ

አሰላሙ አለይኩም። አካም ጅርቱ አጎቴ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? ከብቶቹስ፣ ዝናቡስ ጣለ? እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። የአዳማ ንፋስ ሰው ይጥላል ይባላል፣ እኔን ግን አልቻለኝም።

የሱሃይላን ነገር በስልክ ሳነሳብዎ «የሽማግሌ ጉዳይ በስልክ አይወራም» ስላሉኝ ይኸው ጻፍኩ። ፊደሌን አይዩብኝ። ከአምስተኛ ክፍል የወጣሁት ሰንፌ ሳይሆን ትምህርቱ ራሱ ስለሚንቀራፈፍብኝ ነው። ወረቀቱን የሚያደርስልዎት ፉፋ ነው፣ ሽንኩርት የሚጭነው ሹፌር።

መጀመሪያ ስራዬን ይወቁልኝ። ድርጅታችን ፋብሪካ ለፋብሪካ እየዞረ ሙቀት የሚባክንበትን ቦታ ይደፍናል። ፋብሪካው ናፍጣ ይቆጥባል፣ እኛ ከተረፈው ላይ ድርሻችንን እንወስዳለን። ጭሱም ይቀንሳል። ጭሱ ውስጥ ካርቦን የሚሉት አለ፤ እርስዎ «ሰማዩ ምን ነካው» የሚሉት በእሱ ነው አሉ። አለቃችን ቀልቤሳ ኢንጂነር ነው፣ በኮምፒውተር ይለካል። የሚገጥመው ግን ማነው? እኔ! ከሞጆ እስከ አዳማ እኔ ያሰርኩት ቧንቧ ጠብ አይልም።

ታዲያ ሱሃይላ ሰፈር ያለው ዘይት ፋብሪካ ገባን። እዛ እንፋሎቱ ስራውን ሲጨርስ ውሃ ይሆናል። ያ ውሃ እንደጋለ በግንቡ ቀዳዳ ወደ ውጪ ቦይ ይፈስ ነበር። ቧንቧ ዘርግቼ ወደ ቦይለሩ፣ ውሃው ወደሚፈላበት ጋን፣ መለስኩት። ቀልቤሳ አጨበጨበልኝ። ከግንቡ ኋላ ምን እንዳለ ግን ዞሬ አላየሁም። ማን ያያል?

ለካ እዛ ሴቶች ልብስ እያጠቡ ነው የሚኖሩት። የጋራዥ ቱታ፣ የሆቴል አንሶላ። ቱታው ላይ ያለው የማሽን ቅባት፣ ግራሶው፣ ደግሞ ያለ ሙቅ ውሃ አይለቅም። ዋናዋ አጣቢ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? እትዬ ቶይባ፣ የሱሃይላ እናት!

ሱሃይላ ፋብሪካው በር ድረስ መጣች። «ዓለምን ለማቀዝቀዝ ከእናቴ ሳፋ ነው የምትጀምረው?» አለችኝ በጥበቃው ፊት። ጥበቃው ሳቀ። እናቷ ደግሞ «ሽማግሌ ከላከ በዛው በቀዝቃዛው ውሃ ነው የምቀበላቸው» ብለዋል አሉ። እሳቸው ያሉትን ያደርጋሉ። ለእርስዎ ጋቢ ነው የፈራሁት።

አሁን ሴቶቹ ውሃውን በበርሜል፣ በከሰል ያፈላሉ። ከሰሉ የእናንተው አገር ግራር ነው። ጭሱ ግንቡን ዘሎ ወጣ ማለት ነው። ለቀልቤሳ ነገርኩት፤ አንድ ቀጭን ቧንቧ እንተውላቸው አልኩት። «ከግንቡ ውጪ ያለው ጭስ እኛ ላይ አይቆጠርም። አንተ የተቀጠርከው ልትገጥም ነው ልታዝን?» አለኝ። ልገጥም ነው አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ግንቡ ስር ያለው መገጣጠሚያ ማፍሰስ ጀመረ። ውሃው በድሮው ቀዳዳ ይወጣል። ቡሎኑን አጠበቅኩ፣ ጎማውን ቀየርኩ፣ ሲነጋ ያው ነው። ቀልቤሳ «እጅህን ምን ነካው?» ይለኛል። «ብረቱ አርጅቷል» እለዋለሁ። የስራ ልጆች «ወንፊቱ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። ሌላ ጊዜ ቢሆን የአንዱ ጥርስ ይረግፍ ነበር። አሁን አብሬያቸው ሳቅኩ። ቀልቤሳ «አንዴ ደግሞ ካፈሰሰ በሩ ያውልህ» ብሏል። ይበል። ሴቶቹ እንደሆነ በርሜላቸውን ደፍተው አስቀምጠውታል፣ ከሰል አይገዙም።

ትናንት እትዬ ቶይባ በሱሃይላ በኩል ቃል ልከውልኛል፦ «ሽማግሌዎቹ እሁድ ይምጡ። የልጁን ሙያ አልጠይቅም።» ልጅቷ ይህን ስትነግረኝ አልሳቀችም፤ እጄን ብቻ አየት አደረገችው።

ስለዚህ አጎቴ፣ ሁለት አንደበተ ርቱዕ ሰው ይዘው እሁድ ይድረሱልኝ። ስለ ዘራችን፣ ስለ ሰላታችን እንዳሻዎ ያወድሱኝ፤ ይገባኛል። መንገድ ላይ ግን የፋብሪካው ሰው አግኝቶ ስለ እጄ ሙያ ከጠየቀዎት፣ ቀሽም ነው ይበሉት። አልቀየምዎትም።

ለአክስቴ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ በረትዎን ይሙላው፣ መንገዱን ያቅልልልዎ።

ያሳደጉት የእህትዎ ልጅ
ከአዳማ