እንደፈቀዱ

እሁድ፣ ኦገስት 17 ቀን 2025
አሌክሳንድሪያ፣ አክስቴ ዙህራ ቤት

ለተከበሩ እናቴ ለዓሪፋ፣

አሰላሙ አለይኩም። ይህን ስጽፍ ትንሽ ፈርቻለሁ። ፊደሌ ከሁለተኛ ክፍል ወዲያ ስላልሄደ ብቻ አይደለም። ሁልጊዜ አርብ ይደውሉልኝ ነበር፤ ከእርስዎ ዘንድ ከተመለስኩ ወዲህ ግን አልደወሉም። ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም፤ ግን አንድ ነገር ያጠፋሁ ይመስለኛል።

እኛ ደህና ነን። አባዬ ኤርፖርት ሰው የሚያደርስበት ቀን ስለሆነ ከሲልቨር ስፕሪንግ አምጥቶ እዚህ ጥሎኝ ሄደ። አያቴ ሰላም ብለውዎታል። የላኩላቸውን ቸኮሌት ለጎረቤት ሲያድሉ "ምራቴ የላከችው ነው" ይላሉ። እርስዎና አባዬ ከተለያያችሁ ስንት ዘመን እንደሆነ የነገራቸው የለም መሰለኝ፤ ወይም ሰምተው ትተውታል።

ትናንት ሜትሮ ውስጥ ተቀምጬ ያ እርስዎ ዘንድ ሳለሁ ወደ ተራራው አብረን የወጣንበት ቀይ ባቡር ትዝ አለኝ። የእኛ ባቡር ከተማው ውስጥ ሲደርስ መሬት ስር ይገባል፤ መስኮቱም የሚያሳየኝ የራሴን ፊት ብቻ ነው። የዚያኛው መስኮት ግን አያልቅም ነበር። ሲጠማዘዝ የራሳችን ባቡር ፊት ይታየን ነበር፣ እባብ ዞሮ ጅራቱን እንደሚያይ። እርስዎ ስንት ዓመት እዚያ ኖረው ላይ ድረስ ወጥተው እንደማያውቁ ሲነግሩኝ ገርሞኝ ነበር። "ተራራውን የማውቀው የሆቴሉን አንሶላ ስቀይር በመስኮት ነው" አሉኝ።

ያችን ቤተ ክርስቲያን ያስታውሷታል? ባለ ረጅም ማማዋን። መጀመሪያ በቀኝ አየናት፤ ዋሻ ገብተን ስንወጣ ደግሞ ሌላ በግራ፤ ትንሽ ቆይተን ከታች ሌላ። "ይህች የምታህል መንደር ይህን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ምን ታደርገዋለች?" አሉ። ትኬት ተቆጣጣሪውን በጀርመንኛ ሲጠይቁት ሳቀ። እርስዎም ሳቁና ወደ እኔ ዞረው "አንዲት ናት አለ። የምንዞረው እኛ ነን" አሉኝ። በሌላ ቋንቋ ሲያወሩ ድምፅዎ ሌላ ይሆናል፤ ደፋር ይሆናል። ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ከኋላችን የተቀመጡት ሽማግሌም ትዝ ይሉኛል። ለመንገድ የቀቀሉትን እንቁላል በሚጥሚጣ ስንበላ ሽማግሌው ሲያስነጥሱ ጊዜ፣ እርስዎ ይቅርታ መጠየቅ ትተው አንድ እንቁላል ሰጧቸው። በልተው ፊታቸው ቀላ፤ እያለቀሱ አመሰገኑ።

ከዚያ ጫፉ ላይ፣ ሁለቱ ሐይቆች ጎን ለጎን ከተኙበት ቦታ ደረስን። የአንዱ ውሃ ወዲህ፣ የሌላው ወዲያ እንደሚወርድ፣ ባሕራቸውም እንደሚለያይ ከተቆጣጣሪው ሰምተው ነገሩኝ። ዓይንዎን ከሐይቆቹ አልነቀሉም። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ "በመጪው ዓመት እኔ ወደናንተ ልምጣ እንዴ?" አሉኝ።

"እንደፈቀዱ" አልኩ።

ከዚያ ባቡሩ ወርዶ ጣሊያን እስኪገባ ድረስ ፊትዎን ወደ መስኮቱ አዞሩ። የደከመዎት መስሎኝ ነበር። ኤርፖርት ስንሰነባበትም "በደህና ይግቡ" አሉኝ። እኔን፣ ልጅዎን። የአክብሮት ነገር መስሎኝ አንገቴን ደፍቼ "አሚን" አልኩ።

እዚህ ድረስ ጽፌ ሳለሁ አክስቴ ዙህራ ከኋላዬ ቆመው አነበቡ።

"ለማን ነው ይሄ? ለኢማሙ?"

"ለእናቴ።"

"በአፍሽም እንዲህ ነው ያልሻት? እርስዎ?"

"አዎ።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "አባትሽን 'ቻርጀሬን የት አደረግከው' እያልሽ ትጮሂበት የለ? ምንሽ ነው እሱ፣ የክፍል ጓደኛሽ?"

"አባዬ ነዋ።"

"እሷስ?"

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

"ልምጣ ወይ ብላ ስትጠይቅሽ እንደፈቀዱ አልሻት። አንቺ ልጅ፣ ይሄ ለባዳ የሚባል ነው። መምጣት ከፈለገች የሚከለክላት የለም እኮ። ነይ እንድትያት ነው የጠየቀችሽ።" ከዚያ አጠገቤ ተቀመጡ። "ለሥራ ወደ ቤይሩት የሄደች ለት፣ ኮምቦልቻ፣ ሦስት ዓመትሽ ነበር። ከመኪናው ኋላ እየሮጥሽ 'እማ፣ ነይ፣ እማ፣ ነይ' ስትይ እኔ ነኝ የያዝኩሽ። ያንን ሰምታ የሄደች ሴት 'እንደፈቀዱ' ስትባል ምን ትበል?"

"አሁን ምን ላድርግ?"

"ኮል አድርጊላታ" ብለው ተነስተው ሄዱ።

ከላይ የጻፍኩትን ቀድጄ እንደገና ልጀምር ብዬ ነበር። ተውኩት፤ እንዳለ ይድረስሽ።

እማ፣ እኔ አማርኛ የለመድኩት ከአያቴና ከመስጊድ እናቶች ነው። ሁሉም አንቱ ናቸው፤ የምወዳቸው ትልልቅ ሴቶች ሁሉ። አንቺ የምለው የክፍል ጓደኞቼን ነው። አንቺን ከእነሱ ጋር መደመር ስድብ መሰለኝ። በስልክ "ደህና ነኝ" ብዬ ስልኩን ለአያቴ ስለምሰጥ ቃሉን ፈልጌው አላውቅም ነበር። ባቡሩ ውስጥ ግን ሁለታችን ብቻ ሆንን። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ባሰብኩ ቁጥር እንዴት ብዬ እንደምጀምረው እያሰብኩ ዋሻው ያልቃል። ልጠይቅሽ ከፈለግኩት ብዙውን ሳልጠይቅሽ የተመለስኩት ለዚህ ነው። ዛሬ ደግሞ አንድ ተጨመረበት፤ ስሮጥ በመኪናው መስኮት አይተሽኝ እንደነበር።

ኮምቦልቻን አላስታውሰውም። መኪናውንም፣ መሮጤንም። አክስቴ ከነገሩኝ ጀምሮ ግን ያ የጮህኩት ቃል እዚያው መንገዱ ላይ የቀረ ይመስለኛል።

አላህ ተራራሽን ሁሉ ያቅልልሽ፣ እጅሽን ከድካም ይጠብቅልሽ። የተረፈውን ሚጥሚጣ እንደ ባቡሩ ሽማግሌ ላገኘሽው ሁሉ አትስጪ፤ ለሁለታችን ያዢው።

ይህ ደብዳቤ እስኪደርስሽ አልጠብቅም። ነገ ጠዋት፣ አንቺ ከሆቴሉ ስትወጪ፣ ከአያቴ በፊት ስልኩን እኔ ይዤ እደውልልሻለሁ። ሌላ ወሬ ቢጠፋብኝም፣ ድምፄ ቢያንስም አትዝጊው። አንድ ቃል ነው የምልሽ። ነይ እልሻለሁ።

ልጅሽ
ሰሀር