ፊታውራሪ አረፉ

አዋሳ፣ ጥር 19 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለገብረየስ
አሰብ

የአሰብ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ዓይኔ ብቻ አብጧል። ይህንን ቁጭ ብለህ አንብበው። ፊታውራሪ አረፉ።

በእኔ እጅ የሞቱ እንዳይመስልህ። አዎ፣ "ወይ እሳቸው ወይ እኔ፣ ምረጥ!" ያልኩህ እኔ ነኝ። አንተ ደግሞ ሁለታችንንም ትተህ ሄድክ። ግን ዘንዶም ቢሆኑ አደራ ናቸው። አይጥ ሲጠፋ ዶሮ እየገዛሁ አብልቻቸዋለሁ። ልብስ ስሰፋ የመኪናዬ ፔዳል ላይ ተጠምጥመው ስንት ሥራ አስተጓጉለውብኛል መሰለህ! "ፊታውራሪ፣ እባክዎ ይነሱ፣ ሙሽራዋ ቀሚሷን ትፈልጋለች" ስላቸው ምላሳቸውን ብቅ አድርገው ተመልሰው ይተኛሉ። እኔን አንቺ እያልክ እሳቸውን አንቱ ማለትህ ስንት ዘመን አናዶኛል፤ ለካ ሳላውቀው እኔም ለምጄዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ሊሞቁ ከመስኮቱ ሥር ሳይመጡ ቀሩ። አልጋው ሥር ብመለከት፣ ትተኸው የሄድከው ኮት ላይ እንደተጠቀለሉ ቀዝቅዘዋል። እርጅና ነው፤ ከጋብቻችን በፊት፣ ገና ልጅ ሳለህ፣ ከቢላቴ ወንዝ ዳር ቀበቶ አክለው ያመጣሃቸው ናቸው። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ "ፊታውራሪ! ለማን ጥለውኝ ሄዱ!" ብዬ ጮህኩ።

ጎረቤታችን ጸሐይወርቅ ሮጣ መጣች። አንተ ከሄድክ በኋላ የተከራየች ሴት ናት፤ እንዳትፈራ ብዬ ስለ ፊታውራሪ ትንፍሽ አላልኩም ነበር። ደረቷን እየደቃች "አባትሽ ናቸው?" አለች።

"የባለቤቴ ናቸው። ከልጅነቱ ጀምሮ አብረውት ነበሩ" አልኩ።

"ታዲያ አንድም ቀን አይቻቸው አላውቅም!"

"ከአልጋ አይርቁም ነበር።"

"ወይኔ! ስንት ዓመት አስታመምሽ!" ብላ አቅፋኝ አለቀሰች። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት ልቅሶው ይቀድመኛል። ፊቴን ታጥቤ ስወጣ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል፣ አግዳሚው ተደርድሯል፣ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ተቀምጧል።

ይህ ሳያንሰኝ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ተፈራ ሁለት የአብዮት ጥበቃ አስከትሎ ከተፍ አለ። "ፊታውራሪ" የሚለው ስም ቀበሌ ድረስ ተሰምቷል።

"እዚህ ቤት ፊውዳል ደብቀሻል?" አለኝ።

"ደብቄ አይደለም ጓድ፣ ራሳቸው መደበቅ ይወዳሉ።"

"ተመዝግበዋል?"

"አልተመዘገቡም።"

"መሬት ነበራቸው?"

"ከአልጋው ሥር ያለችው ብቻ ናት።"

"መሣሪያስ?"

"ጥርስ ነበራቸው፤ በሰው ላይ ግን አልተጠቀሙበትም።"

የምቀልድበት መሰለው። አስከሬኑን አያለሁ ብሎ ሽጉጡን አውጥቶ ገባና አልጋው ሥር አጎነበሰ። ገብሬ፣ በበሩ ቢወጣ ምን ነበረበት? በመስኮቱ ወጣ። ጥበቃዎቹም በዚያው ተከተሉት። መስኮቱ እስካሁን አይዘጋም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ወጣ። ግማሹ ለቀስተኛ እያማተበ ሄደ፤ አንዳንዱ "በስመ ኢየሱስ!" እያለ አጥር ዘለለ። ጸሐይወርቅ ያን ሁሉ ቀን የተኛችው ከዘንዶ ጋር በአንድ ግድግዳ ተለያይታ መሆኑን ስታውቅ ራሷን ሳተች፤ ውኃ ረጨንባት። እኔ ድንኳኑን ነቅለው ከእድር የሚያባርሩኝ መስሎኝ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ።

የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ወልደአማኑኤል ብድግ አሉ። ታውቃቸው የለም፣ ሲናገሩ እንዴት ጉሮሯቸውን እንደሚጠርጉ? "ደንባችን 'የቤተሰብ አባል' ይላል እንጂ 'እግር ያለው' አይልም። ሴትዮዋ ደግሞ ብቻዋን ናት፤ እውነተኛ እንባ ነው የምታለቅሰው። ድንኳኑ ይቆይ" አሉ። የቀረው ሰው ተመልሶ ተቀመጠ። ንፍሮው መቀቀሉም ሳይረዳ አልቀረም።

ከጓሮ፣ ዘይቱኑ ሥር ቀበርናቸው። ጉድጓዱን እነዚያው ጥበቃዎች ቆፈሩት፤ ጓድ ተፈራም አቧራውን አራግፎ ተመልሶ መጣና መቃብሩ ላይ ማዕረግ እንዳይጻፍ ብቻ አስጠነቀቀ። ጸሐይወርቅ ነፍስ ዘርታ ስለነበር "ያንን አሮጌ ኮት አምጪና በእሱ ይጠቅለሉ" አለች። "አይሆንም፣ ባለቤቱ ይፈልገዋል" ብዬ ለገና የገዛሁትን ነጠላዬን ሰጠሁ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ምን እንደሚያዩ አልገባኝም። ኮቱን አጥቤ አስጥቼዋለሁ፤ አንድ ቁልፉ ወልቆ ነበር፣ ተክቼዋለሁ።

ቤቱ አሁን ጭር ብሏል። ስሰፋ ፔዳሉን የሚይዝብኝ የለም፤ ሥራዬ ቶሎ ያልቅና የምይዘው አጣለሁ።

ይህን የሚያደርስልህ ሹፌሩ ኑሪ ነው። ሲመለስ ጋቢናው ባዶ እንደሆነ ነግሮኛል፤ እንዲያው ለወሬ ያህል ነው። እግዚአብሔር ከዚያ ሙቀት ይሰውርህ፤ ያሉህንም ሰዎች ያቆይልህ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጸሐይወርቅ ድመቷ ወልዳለች፤ "አይጥ ሳይወርስሽ አንዷን ውሰጂ" ትለኛለች። አንተ ድመት ያለበት ቤት ስትገባ እንዴት እንደሚያስነጥስህ ስለማውቅ "ትንሽ ልቆይ" አልኳት። "እስከ መቼ?" አለችኝ።

ምን ልበላት?

ባለቤትህ
አባይነሽ